በአባቷ ፊት

«የነጋዴዎቹን ልጆች ቅዳሜ ማታውኑ ለቀቋቸው አሉ። የቀረችው ያቺ የገጠሯ ናት። ምን ታድርግ፣ የሚፈርምላት የለ።»

ይህን ያለችው መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ ተራ የያዘች ሴት ናት፤ ያለችውም ከኋላዋ ለቆመችው ጓደኛዋ ነበር። ሠርክአዲስ መታወቂያውን ተቀብላ የማሽኑ መስተዋት ላይ አስተካክላ አስተኛችው፣ ክዳኑንም ዘጋች። ሴትዮዋ ወሬዋን ቀጠለች፤ አረቄውን ያቀረበችው ልጅቱ ናት ይባላል፣ የደጀኔ ልጅ እስካሁን አልነቃችም፣ ዘንድሮስ ልጅ ማሳደግ ቀረ። ሠርክአዲስ መታወቂያውንና ኮፒውን አንድ ላይ አድርጋ ዘረጋችላት። «አምስት ብር» አለች። «ምን አልሽ?» አለች ሴትዮዋ። ሠርክአዲስን ሁሉም ሰው እንዲህ ይላታል፤ ድምጿ ከጥርሷ ስለማያልፍ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ለምዳለች። «አምስት ብር።»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የተቀመጠችው ሰማያዊ ኮንቴይነር አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ኮፒ ማሽንና ሁለት በርጩማ ይዛለች፤ ሦስተኛ ሰው ሲገባ አንዱ መውጣት አለበት። ባለቤቱ ጋሽ ጌታሁን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ማለት እሳቸው ይናገራሉ፣ ሠርክአዲስ ትተይባለች። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማረችው ስታትስቲክስ ነው። ሕጉን ያወቀችው ግን እዚህ፣ በጣቶቿ ነው። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያለመናገር መብት አለው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከአዋቂ ጋር አይታሰርም። እነዚህን ቃላት ቁልፎቹን ሳታይ ትተይባቸዋለች። በአፏ ግን አንድ ቀን ብላቸው አታውቅም።

ዛሬ የምትተይበው የራሷን ጉዳይ ነበር። ያቺ የገጠሯ የተባለችው ያምሮት እህቷ ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት እየተዘጋ እየተከፈተ ዘንድሮ ገና ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ሠርክአዲስ ሥራ ላይ ሳለች ስድስት ተማሪዎች እዚያች ክፍል ተሰብስበው የውዳሴን ልደት አከበሩ። ውዳሴ የብረታ ብረት ነጋዴው የደጀኔ ልጅ ናት፤ ከያምሮት ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እነሱ ቤት እንዳይሆን ወላጅ አለ፤ እዚህ ወላጅ የለም። ኬክ መጣ፣ ቢራ መጣ። ቢራውን የትኛው ግሮሰሪ ለልጆች እንደሸጠ እስካሁን የጠየቀ የለም። ቢራው ሲያልቅ ከመካከላቸው አንዱ ወደ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ሦስት ሊትር የምትይዝ ቢጫ ጀሪካን ሳበ። ያምሮት እንደምትለው በዚያች ሰዓት ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። ስትመለስ ውዳሴ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አገኘቻት፤ የሚስቅም የሚያለቅስም ነበር፤ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ደውሎ ፖሊስም በር ላይ ደርሷል። ዐሥር ሰዓት ነበር። ውዳሴን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል፣ አምስቱን በእግር ወደ ጣቢያ ወሰዷቸው። ጀሪካኗም አብራ ሄደች። ሳይመሽ የአራቱ ወላጆች መጥተው እየፈረሙ ልጆቻቸውን ወሰዱ። ሠርክአዲስም እየሮጠች ደርሳ «የማሳድጋት እኔ ነኝ» አለች። በረኛው ፖሊስ «ምን አልሽ?» አላት። ያን ጊዜ አልደገመችም። «እህት አይሆንም፤ አባት ይምጣ» ተባለች፤ እሺ ብላ ወጣች።

እሑድ ምሳ ስታደርስ በአጥሩ ሽቦ በኩል አምስት ደቂቃ አገኘቻት። ያምሮት ያደረችው ገበያ ላይ ሰው በቢላ ወግታለች ተብላ ከተያዘች ሴት ጋር ነው፤ ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትሳደብ አድራለች። «አባየ እስኪመጡ ምንም እንዳትናገሪ» አለቻት ሠርክአዲስ። «ቢቆጡሽም ዝም በይ። መብትሽ ነው።» ያምሮት ራሷን ነቀነቀች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ታላቋ ያለቻትን ሳትጠይቅ ታደርጋለች።

ስለ ጀሪካኗ ከማንም በላይ የምታውቀው ሠርክአዲስ ነበረች። አረቄዋን አባቷ ለፋሲካ የላኳት ለቤት አከራያቸው ለወይዘሮ ወይኒቱ ነበር። «በእጅሽ ስጫቸው፣ ልጆቼን አደራ ብለዋል በያቸው» ብለው ነበር። የፋሲካ ዕለት ወይዘሮ ወይኒቱ ጋ እንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ሠርክአዲስ ያን ሁሉ ሰው አልፋ ጀሪካን አንጠልጥላ መግባት አፈረች። በማግሥቱ ደግሞ ስለ ውኃ ክፍያ ትንሽ ንግግር ተነሣ፤ አሁን ብሰጥ አፍ ለማስያዝ ይመስላል አለች። ሳምንት ሲያልፍ ያደረ ስጦታ ማቅረብ ራሱ ነውር መሰላት። ጀሪካኗን ወደ አልጋው ሥር ገፋቻት፣ ፊቷ ላይ የጫማ ካርቶን ደረደረች፣ ከዚያም ስለ እሷ ማሰብ ተወች። ሦስት ሳምንት ሆነ።

ማመልከቻውን ጋሽ ጌታሁን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። ዕድሜዋ አለ፤ ከአዋቂ ጋር መታሰሯ አለ፤ አባቷ በሌሉበት እንዳትጠየቅ የሚለው አለ፤ አርባ ስምንት ሰዓቱ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ እንደሚሞላ አለ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ጀሪካኑን አልጋው ሥር ያስቀመጥሁት እኔ አመልካቿ ስሆን፣ ታናሽ እህቴ ለማንም አላቀረበችም» ይላል።

«ይኸን አውጪው» አሉ።

«እውነት ነው እኮ ጋሼ።»

«እውነት መሆኑንማ አየሁ። አንቺ ሃያ አምስት ዓመትሽ ነው፤ ልጅ አይደለሽም። ይኸን ጽፈሽ ከገባሽ እሷን አስወጥተው አንቺን ያስገቡሻል። ወይ ሁለታችሁንም። እንዲህ ያለውን መዝገብ ስንቱን የጻፍሁ ሰው ነኝ፣ ዐውቃለሁ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባት ከመጣና እሷ አፏን ከያዘች የሚይዙት ነገር የላቸውም። ቢራውም አለ፣ ጀሪካኑም አለ፣ ማን እንዳወጣው አየሁ ብሎ የፈረመ የለም። አውጪው።»

አራተኛውን አንቀጽ አጠፋችው። አምስተኛው አራተኛ ሆነ። ገጹ ሲታተም ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ለያምሮት ልብስ ልትወስድ ወደ ክፍላቸው ሄደች። ፖሊሶቹ እንደተዉት ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ አልጋው ባለበት በኩል በቢራ ርሷል፤ የኬኩ ካርቶን ላይ ጉንዳን ሰፍሯል፤ ፌስታል ውስጥ ስምንት ዳቦ ደርቆ ተቀምጧል። ስምንቱም አልተነኩም። ሠርክአዲስ ፌስታሉን ይዛ ትንሽ ቆመች። ይህን ዳቦ የሸጠው ሰው ያምሮትን በዚያ ሰዓት አይቷታል፤ ይህ ማስረጃ ነው፤ ሰውየውን ግን ሄዶ ማነጋገር ያስፈልጋል። ወይዘሮ ወይኒቱ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተው ሲያገላብጡ አገኘቻቸው። ጠዋትም ትናንትም ሰላምታ አልተለዋወጡም ነበር።

«አባትሽ ለፋሲካ ደውለውልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ወይኒቱ ቀና ሳይሉ። «‹ትንሽ ነገር ልኬልዎታለሁ፣ በልጄ እጅ› አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ጠበቅሁ። ሰው ልኬያለሁ ያለውን ነገር የት አለ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለእኔ አይሆንም።»

ሠርክአዲስ ፊቷ ነደደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህች ግቢ ሲተላለፉ አንዷ መስጠት አፍራ፣ አንዷ መጠየቅ አፍራ ኖረዋል። «እትየ ወይኒቱ… ጣቢያ መጥተው ይህችን ብቻ ቢሉልኝ…»

«ምን አልሽ?»

«ለእርስዎ የተላከ መሆኑን። ጣቢያ።»

ወይዘሮ ወይኒቱ በርበሬውን ትተው ቀና አሉ። «እኔን? የእኔ ስም ከአረቄ ጋር ጣቢያ ይጻፍ? ያልደረሰኝን ነገር ነው የምመሰክር? ተይ ልጄ።» እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። «ደግሞም ወሩ ሲሞላ ክፍሏን ለእህቴ ልጅ እፈልጋታለሁ። አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

አባቷ አቶ ደስታው አራት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረሱ። እሑድ መኪና አልነበረም፤ ዛሬ ሌሊት ከቋሪት ከገበዝ ማርያም ወዲያ ካለው መንደራቸው በእግር ወጥተው በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል፤ ይህን ጋቢ የሚያወጡት ለዕርቅ ሲጠሩ ነው። በአገራቸው ደም ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ሁለት ወገን በተጣላ ቁጥር ሰው የሚላከው ወደ እሳቸው ነው። ሠርክአዲስ ጉልበታቸውን ሳመች።

«በልታለች?» አሉ።

«ቁርስ አድርሻለሁ አባየ።»

ባጃጅ ይዘው ሄዱ። መንገዱ ላይ ጋሪዎች ስለነበሩ ባጃጁ ቀስ ይላል። አባቷ ምርኩዛቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ይዘው ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ጋሪዎቹን ሲያልፉ «ጀሪካኗን ለወይዘሮ ወይኒቱ አላደረስሻትም?» አሉ። «አላደረስኳትም አባየ።» «ለምን?» አላሏትም። መልሰው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ፤ እሷም የባጃጁ ወለል ላይ የተነጠፈውን የላስቲክ ምንጣፍ አየች፤ ዳር ዳሩ ተበልቷል። ለምን ብለው ቢቆጧት ትመርጥ ነበር። ከዚያ ማለት ያለባትን ለማለት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባየ፣ እዚያ ስንደርስ ይጠይቋታል። አልመልስም ማለት ትችላለች። እርስዎ አጠገቧ መሆን አለብዎ፤ ያለ አባቷ ሊጠይቋት አይገባም፤ ግን ባትመልስ ነው የሚሻለው።»

«ሰው ጠይቋት አልመልስም ትበል?»

«መብቷ ነው።»

«ንቀት አይሆንም?»

«ሕጉ ነው አባየ።»

«ሕጉስ ይሁን» አሉ አባቷ። «ሰውየውስ?»

መርማሪው ሳጅን ወንዳወቅ ተነሥተው ነው የተቀበሏቸው። ቢሮው ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የብረት ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደር፣ ከመስኮቱ ሥር ረዥም አግዳሚ ወንበር። ሳጅኑ የራሳቸውን ወንበር ለአባቷ ሰጥተው «ይቀመጡ አባባ፣ ሩቅ መንገድ ነው» አሏቸው፤ እሳቸው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፉ። ሠርክአዲስ ክፉ ሰው ጠብቃ ነበር፤ ለክፉ ሰው ተዘጋጅታም ነበር። ሳጅኑ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አንብበው «ጥሩ ተጽፏል» አሉ። «ልክ ናችሁ። አዋቂዋን ሴትዮ ዛሬ እናዛውራታለን። የጎደለው አባት ነበር፤ አባት መጣ።» ከዚያ ያምሮትን እንዲያመጧት ላኩ። አግዳሚው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር። አቶ ደጀኔ፣ የውዳሴ አባት ናቸው። ሁለት ቀን ያልተለወጠ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ እነሠርክአዲስ ሲገቡም ቀና አላሉም።

ያምሮት በትምህርት ቤት ሹራቧ ገባች። ፀጉሯ ላይ ሣር ነበር። አባቷን ስታይ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሳጅኑ ወረቀት አዘጋጁ፤ ከዚያ እንደ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ትንፋሽ አሉት፤ «ቃልሽን ላለመስጠት መብት አለሽ፣ የምትሰጪው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብሽ ይችላል፣ ተረድተሻል?»

«አዎ።»

«ቃል ትሰጫለሽ?»

ያምሮት እህቷን አየቻት። ሠርክአዲስ በዓይኗ ብቻ መለሰችላት።

«አልሰጥም» አለች ያምሮት።

የሠርክአዲስ ትከሻ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ። ሳጅኑ አልተቆጡም፤ እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ አልሰጥም ካለች አልሰጥም ነው» አሉ። «ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።» በዚህ ማለቅ ይችል ነበር። ሁሉም ለመነሣት ሲሉ ግን አቶ ደጀኔ ከመዳፋቸው ውስጥ ሆነው ተናገሩ።

«እኔ ማንንም አልከስም» አሉ። «ልጄ ምን ያህል እንደጠጣች ብቻ ይነገረኝ። ሐኪሙ እሱን ነው የሚጠይቀኝ። ስንት ብርጭቆ? ምን ተቀላቅሎበት? አላውቅም እላለሁ። አባት ሆኜ አላውቅም እላለሁ።» ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ።»

አቶ ደስታው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሡ። ሠርክአዲስ ያን አነሣሥ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ከዋርካ ሥር አይታዋለች፤ አባቷ እንዲህ ሲነሡ የተጣሉት ሁሉ ዝም ይላሉ። እዚያ ሥራው አንድ መንገድ አለው። መጀመሪያ አንዱ ወገን ተነሥቶ አጥፍቻለሁ ይላል። ያጠፋም ይላታል፣ ያላጠፋም ይላታል፤ ቃሏ በሩን መክፈቻ ናት እንጂ ማንም እንደ ምስክርነት አይቆጥራትም። እንዲያውም ሳያጠፋ ቀድሞ ያላት ሰው ይከበራል። የቀረው ሁሉ፣ ማን ምን አደረገ፣ ምን ይካስ፣ ከዚያ በኋላ በእርጋታ ይመጣል። አባቷ በዚህች ቃል ስንት ቤት ከመቃጠል አድነዋል።

«የኔ ልጅ» አሉ ለያምሮት። «ሰው ልጁ ተኝታበት ዝም አይባልም። እፊታቸው ሂጅና አጥፍቻለሁ በይ። ሌላ ምንም አትበይ።»

«አባየ፣ እኔ እኮ—»

«ዐውቃለሁ» አሉ አባቷ፤ በለሰለሰ ድምፅ። «ዐውቃለሁ ልጄ። በያት።»

ያምሮት ወደ እህቷ ዞረች። «እታለም?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሠርክአዲስ መለሰ። ማለት የነበረባት ጥቂት ቃል ናት። አባየ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም። ሳጅኑን አይታ፣ ያንን አይመዝግቡት፤ ጀሪካኗን ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ቃላቱ በቅደም ተከተል፣ በነጥብ በሰረዝ፣ ልክ እንደሚተየቡ ሆነው ታዩዋት። ግን ዋርካ ሥር አባቷ በተነሡ ጊዜ ተነሥቶ የተቃወማቸው ልጅ አልነበረም፤ አሁንም እኒህን ሰው በእንግዳ ፊት፣ የሚያለቅስ አባት ፊት፣ ተሳስተዋል ማለት ነበረባት። እጇ ላይ ያለውን የማመልከቻ ማኅደር አየች። ጥጉ ታጥፎ ስለነበር በአውራ ጣቷ ታቃናው ጀመር።

«አጥፍቻለሁ» አለች ያምሮት።

አቶ ደስታው ጎንበስ ብለው የአቶ ደጀኔን ጉልበት ያዙ፤ አቶ ደጀኔም ብድግ ብለው ትከሻቸውን ይዘው አነሧቸው፤ «ኧረ አይገባም አባቴ፣ ኧረ ስለ ማርያም» እያሉ። ሁለቱ አባቶች እንደ ዘመድ ተቃቅፈው አለቀሱ። ያምሮትም አለቀሰች። ለአንድ አፍታ ነገሩ ሁሉ ዕርቅ የወረደበት ቤት መሰለ። የሚንቀሳቀሰው የሳጅኑ እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

«አረቄውን ለጓደኞችሽ ያቀረብሽ አንቺ ነሽ ማለት ነው?» አሉ ሳጅኑ፣ ቀና ሳይሉ።

ያምሮት አባቷን አየች። «አጥፍቻለሁ አለች እኮ ጌታየ» አሉ አቶ ደስታው፣ እያዘኑላት። «ከዚህ በላይ ምን ትበልዎ? ልጅ ናት።»

ያምሮት ፈረመች። አባቷ መጻፍ ስለማይችሉ ሳጅኑ የሐምራዊ ቀለሙን ሣጥን ከፍተው አውራ ጣታቸውን በቀስታ ይዘው አስነኩላቸው፤ ቀለሙን የሚጠርጉበት ቁራጭ ወረቀትም ሰጧቸው። «አሁን እንውሰዳት?» አሉ አባቷ። «ከሰዓት አባባ። ፍርድ ቤት ከቀረበች በኋላ ነው» አሉ ሳጅኑ። ያምሮት ስትወጣ እህቷን አላየቻትም።

ፍርድ ቤቱ አጥር ድረስ በእግር ተመለሱ። አባቷ መንገድ ላይ ዳቦ ገዝተው በፌስታል ለያምሮት ያዙላት፤ ስትወጣ ትበላለች ብለው ነው። «ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ወንበር ሰጡኝ። ያም ሰውየ ልቡ ቅን ነው፤ ልጁን ያድንለት እንጂ ነገር የለብንም።» ሠርክአዲስ እሺ አባየ አለች። ከኮንቴይነሩ ፊት ለፊት ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የፍርድ ቤቱን በር ይጠብቁ ጀመር። ጋሽ ጌታሁን ከውስጥ «እንዴት ሆነ?» አሉ። ነገረቻቸው። ሁለት ጊዜ ማለት አላስፈለጋትም። መነጽራቸውን አውልቀው ለረዥም ጊዜ በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«በአባቷ ፊት?» አሉ በመጨረሻ።

«በአባቷ ፊት።»

«ብቻዋን ሆና ብትለው ኖሮ አስገድደዋት ነው እንል ነበር። አባቷ ባሉበት ከሆነማ…» አልጨረሱትም። ምሳ ልበላ ብለው ወጡ፤ ሲያልፉ ለአባቷ ባርኔጣቸውን አነሡላቸው። ሠርክአዲስ አባት ይገኝ የሚለውን መስመር በስንት ማመልከቻ ላይ እንደተየበችው ልትቆጥር ሞከረችና ተወችው። ብቻዋን ስትሆን አንድ ባዶ ገጽ ከፈተች። «ጀሪካኑን» ብላ ጻፈች። ጠቋሚዋ መስመር ከቃሉ ቀጥላ ቆማ ብልጭ ድርግም ትላለች። አንድ ተማሪ ለፎርም መጣ፤ ገጹን ዘጋችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ሳጅን ወንዳወቅ እየተጣደፉ መጡ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን አባቷን እጅ ነሥተው፣ ጎንበስ ብለው ኮንቴይነሩ ውስጥ ገቡ። እሷን ሲያዩ ትንሽ አፈሩ። «እዚህ ነው ለካ የምትሠሪው» አሉ። «የኛ ማሽን ቀለም ጨርሷል። ዳኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰየማሉ።» አንድ ገጽ አቀበሏት። ሳታስበው አነበበችው። በእጅ የተጻፈ፣ ንጹሕ ጽሕፈት ነው። ተጠርጣሪዋ መብቷ ተነግሯት፣ ወላጅ አባቷ በተገኙበት፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት፣ በራሷ ፈቃድ፣ አረቄውን ለጓደኞቿ ያቀረበችው እሷ መሆኗን አምናለች ይላል። አንድም የሐሰት ቀን፣ አንድም የጎደለ ፊርማ የለበትም። አርባ ስምንት ሰዓቱ ሊሞላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቀራል። ከታች የያምሮት ፊርማ፣ የትምህርት ቤት ደብተሯ ላይ እንደምትፈርመው፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ ሆና። ከእሱ ጎን የአባቷ አውራ ጣት፣ ሐምራዊ፤ ከማረስ ብዛት መሃሉ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ወጥታለች።

በክፍቱ በር አባቷ ይታዩዋት ነበር። ፌስታሉን ከፀሐይ ወደ ጥላ አዛወሩት። ዳቦው እንዳይደርቅ ነው።

ማሽኑን አበራችው። እስኪሞቅ ያጉረመርማል። መስተዋቱ ላይ ወረቀቱን አስተኝታ እጇን ሳታነሣ፣ ወደ ማሽኑ እንዳቀረቀረች፣ «ጀሪካኗን እዚያ ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ» አለች።

ሳጅኑ ሰዓታቸውን ከማየት ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

ማሽኑ ሞቀና ጩኸቱን አቆመ። ኮንቴይነሩ ውስጥ ፍጹም ጸጥታ ሆነ፤ አሁን ሹክ ቢሉ እንኳ ይሰማል። ሳጅኑ ፊታቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው በትሕትና ይጠብቃሉ። ሠርክአዲስ አፏን ከፈተች።

«ስንት ኮፒ ነው ያልኩት» አለች።

«ሦስት» አሉ።

ክዳኑን ዘጋች። አረንጓዴው ብርሃን በክዳኑ ጠርዝ ሥር ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ማሽኑ ቀለም አይለይም፤ የአባቷ ሐምራዊ አሻራ ሦስቱም ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ።